የባክቴሪያ መርዞችና የተቅማጥ በሽታ፦ የመርዙ አሠራር ሕክምናውን እንዴት ይወስናል?

አኅጽሮት

በባክቴሪያ ምክንያት ከሚመጡት የተቅማጥ በሽታዎች ብዙዎቹን አደገኛ የሚያደርጋቸው ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ ነው። ይህ ጽሑፍ የኮሌራን መርዝ ዋና ምሳሌ አድርጎ፣ የአንጀት ሕዋሳትን ሳይገድሉ ሥራቸውን በሚያዛቡ መርዞችና ሕዋሳትን በሚገድሉ መርዞች መካከል ያለውን ልዩነት ያብራራል። የልዩነቱ ፋይዳ ከቤተ ሙከራ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ መርዞች አንጀት ስኳርንና ጨውን በአንድነት የሚቀበልበትን መንገድ ሳይነኩ ስለሚተዉት፣ በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ ሕይወትን ይታደጋል። በሁለተኛዎቹ ግን ፈሳሹ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ያለ ጥንቃቄ የሚሰጥ መድኃኒትም ጉዳትን ሊያባብስ ይችላል።

መግቢያ

ጠዋት በሙሉ ጤንነት ከቤቱ የወጣ ጎልማሳ በጽኑ ኮሌራ ከተያዘ፣ የሚያጣው ፈሳሽ ካልተተካለት ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል። በበሽታው ጫፍ ላይ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ከሰውነቱ ይወጣል። ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ ድምፁ ይሰልላል፣ የእጁ ጣቶች ቆዳ ይሸበሸባል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ባክቴሪያው ወደ ደሙ አልገባም፤ የአንጀቱን ግድግዳም አልበሳም። በአንጀቱ ገጽ ላይ ተጣብቆ ተቀምጦ አንድ ፕሮቲን ማመንጨት ብቻ ነው ሥራው። ሰውየውን የሚያደርቀው ይህ ፕሮቲን ማለትም የኮሌራ መርዝ ነው።

የተቅማጥ በሽታ ዛሬም ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መረጃ መሠረት በየዓመቱ ወደ 444 ሺህ የሚጠጉ የዚህ ዕድሜ ሕፃናት በተቅማጥ ምክንያት ይሞታሉ። በኢትዮጵያም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት፣ የሚለው መጠሪያ ለሕዝቡ እንግዳ አይደለም። ሰባተኛው የዓለም የኮሌራ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1961 ከኢንዶኔዥያ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1970 ኢትዮጵያ ደርሷል፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝም ቆይቶ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቷል።

ሁሉም ተቅማጥ በባክቴሪያ፣ በባክቴሪያ የሚመጣውም ሁሉ በመርዝ ምክንያት የሚከሰት አይደለም፤ ሮታ ቫይረስን የመሰሉ ቫይረሶችና እንደ ጃርዲያ ያሉ ጥገኛ ተህዋስያንም ተቅማጥን ያመጣሉ። ሆኖም ከሕመሙ በስተጀርባ መርዝ ሲኖር የመርዙን አሠራር ማወቅ ሦስት ጥያቄዎችን ለመመለስ ይረዳል፦ ሕመምተኛው ምን እያጣ ነው? ከአንጀቱ ሥራ ያልተበላሸው የትኛው ነው? የትኛው መድኃኒት ይጠቅማል፣ የትኛውስ ይጎዳል?

የአንጀት የፈሳሽ ሚዛን

መርዙ የሚያዛባውን ለመረዳት በቅድሚያ የጤነኛውን አንጀት ሥራ መመልከት ያስፈልጋል። በአንድ ጎልማሳ ትንሹ አንጀት ውስጥ በየቀኑ ወደ 9 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ያልፋል። ከዚህ ውስጥ 2 ሊትር ያህሉ ከምግብና ከመጠጥ የሚገኝ ሲሆን፣ የቀረው ምራቅ፣ የጨጓራ አሲድ፣ ሐሞት፣ የቆሽት ፈሳሽና አንጀቱ ራሱ የሚያመነጨው ነው። ከዚህ ሁሉ በዓይነ ምድር የሚወጣው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ሌላው ተመልሶ ወደ ሰውነት ይገባል።

ይህ ሚዛን የሚጠበቀው በሁለት ተቃራኒ ሥራዎች ነው። ከትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ እንደ ጣት ብቅ ብቅ ያሉት ጥቃቅን ቅጥያዎች ጨውንና ውኃን ወደ ውስጥ ይመጥጣሉ። በቅጥያዎቹ መካከል ያሉት ጠባብ ጉድጓዶች ደግሞ ክሎራይድንና ውኃን ወደ አንጀቱ ክፍት ቦታ ያመነጫሉ። ውኃ በራሱ ኃይል አይጓዝም፤ ጨው ወደ ሄደበት ይከተላል። በመሆኑም በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን የጨው በሮች የተቆጣጠረ የውኃውን አቅጣጫ ይቆጣጠራል። ሕዋሱ እነዚህን በሮች የሚከፍተውና የሚዘጋው በውስጡ በሚያስተላልፋቸው ኬሚካላዊ መልእክቶች ነው። ብዙዎቹ የተቅማጥ መርዞች ዒላማ የሚያደርጉትም እነዚህኑ መልእክቶች ነው።

መርዙ የተገኘበት መንገድ

ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1883 ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ ሕንድ ካልካታ ተጉዞ፣ በ1884 የኮሌራ መንስኤ እንደ ነጠላ ሰረዝ የጎበጠ ባክቴሪያ መሆኑን አስታወቀ። ከዚያ ቀደም ጣሊያናዊው ፊሊፖ ፓቺኒ እ.ኤ.አ. በ1854 ይህንኑ ተህዋሲ በማጉያ መነጽር አይቶ የነበረ ቢሆንም ሰሚ አላገኘም ነበር። ኮክ ባክቴሪያው በመርዝ አማካይነት እንደሚጎዳ ገምቷል፤ መርዙን ግን ለማሳየት አልቻለም።

ግምቱ እስኪረጋገጥ 75 ዓመት ያህል ወሰደ። ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ተመራማሪዎቹ መርዙን ይፈልጉት የነበረው በተሳሳተ ቦታ መሆኑ ነበር። የባክቴሪያውን ውጤት በእንስሳት ደም ውስጥ ወይም በሆድ ዕቃ ክፍተት ውስጥ እየወጉ፣ መላ ሰውነትን የሚያውክ መርዝ ይጠብቁ ነበር። የካልካታው የሥነ ደዌ ባለሙያ ሳምቡ ናት ዴ ጥያቄውን ወደ አንጀቱ መለሰው። የጥንቸል ትንሽ አንጀት ከሁለት ወገን በክር ታስሮ ከተለየ በኋላ፣ ባክቴሪያው ያደገበት ፈሳሽ በዚያ ክፍል ውስጥ ተጨመረ። የታሰረው አንጀት በማግስቱ በፈሳሽ ተወጥሮ ተገኘ። ዴ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት ፈሳሹ በማጣሪያ አልፎ አንድም ባክቴሪያ ሳይቀርበት ይኸው ውጤት እንደሚታይ አረጋገጠ። ባክቴሪያው በሌለበት በሽታው ከተፈጠረ፣ አድራጊው ባክቴሪያው ትቶት የሄደው ነገር ነው ማለት ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ፊንከልስታይንና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1969 መርዙን አጥርተው ለብቻው ለዩት።

በዚሁ ዘመን የተገኘ ሌላ እውነታ ለሕክምናው ከዚህ ያላነሰ ክብደት ነበረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሬሳ ምርመራ ላይ ተመሥርቶ፣ ኮሌራ የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋን ልጦ ይጥላል የሚል አስተሳሰብ ሰፍኖ ነበር። ሽፋኑ ከተላጠ ደግሞ በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ ከንቱ ነው። ዩጂን ጋንጋሮሳና ባልደረቦቹ ግን በባንኮክ ወረርሽኝ ወቅት በሕይወት ካሉ ሕመምተኞች አንጀት ጥቃቅን ናሙና ወስደው መረመሩና፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሽፋኑ እንዳልተላጠ አስታወቁ። ቀድሞ በሬሳ ላይ የታየው ከሞት በኋላ የሚደርስ ለውጥ ነበር። የኮሌራ ሕመምተኛ አንጀት ግድግዳ ቆሞ እያለ ነው ፈሳሹ የሚፈሰው።

የኮሌራ መርዝ አሠራር

የኮሌራ መርዝ ከስድስት ቁርጥራጮች የተገነባ ነው። አምስቱ አንድ ዓይነት ሲሆኑ እንደ ቀለበት ተያይዘው «ቢ» የሚባለውን ክፍል ይሠራሉ፤ አንዱ ደግሞ በቀለበቱ ላይ የተቀመጠው «ኤ» የሚባለው ክፍል ነው። የሥራ ክፍፍላቸው የተለየ ነው፦ «ቢ» ይይዛል፣ «ኤ» ይመርዛል።

የ«ቢ» ቀለበት በአንጀት ሕዋስ ገጽ ላይ ያለውን ጂ.ኤም. 1 የተባለ ስኳር-አዘል ቅባት አጥብቆ ይይዛል። ሕዋሱም መርዙን ከገጹ ጋር ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በሕዋሱ ውስጥ መርዙ ከተለመደው የፕሮቲን ጉዞ ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ ወደ ኋላ እየተጓዘ ፕሮቲኖች ወደሚሠሩበት ክፍል ይደርሳል። እዚያም ሕዋሱ የተበላሹ ፕሮቲኖችን አውጥቶ የሚጥልበትን መንገድ ተጠቅሞ፣ የ«ኤ» ክፍል ቁራጭ ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ ያመልጣል። የሕዋሱ ቆሻሻ ማስወገጃ ለመርዙ መግቢያ ሆነ ማለት ነው።

ያመለጠው ቁራጭ ኤንዛይም ነው። በሕዋሱ ውስጥ ጂ-ፕሮቲን የተባለ የመልእክት ማብሪያና ማጥፊያ አለ፤ በተፈጥሮው ለጥቂት ጊዜ ይበራና ራሱን ያጠፋል። መርዙ በዚህ ፕሮቲን ላይ አንዲት ኬሚካላዊ ቅጥያ ይለጥፋል። ከዚያ በኋላ ማብሪያው መጥፋት አይችልም። በዚህም ምክንያት ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የተባለው የመልእክት ሞለኪውል ያለማቋረጥ ይመረታል። መልእክቱ በጉድጓዶቹ ሕዋሳት ላይ ያለውን ሲ.ኤፍ.ቲ.አር. የተባለ የክሎራይድ በር ከፍቶ ያስቀራል፤ በቅጥያዎቹ በኩል ደግሞ ሶዲየምና ክሎራይድ የሚመጠጡበትን ዋና መንገድ ይገታል። መውጫው ተከፍቶ፣ ከመግቢያዎቹም አንዱ ይዘጋል። ክሎራይድ ሲወጣ ሶዲየም፣ ከዚያም ውኃ ይከተለዋል። አብሮ የሚጠፋው ባይካርቦኔት የደምን አሲድነት ያባብሳል፤ ፖታሲየም ሲጎድል ደግሞ ጡንቻና ልብ ይዳከማሉ።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነጥቦች ሊሰመርባቸው ይገባል። አንደኛ፣ አንድ የመርዝ ቁራጭ ኤንዛይም በመሆኑ ብዙ ማብሪያዎችን በተከታታይ ማበላሸት ይችላል፤ ጥቂት መርዝ ብዙ ፈሳሽ የሚያስወጣው ስለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የተበላሸው ማብሪያ ባይጠገንም ሕዋሱ ራሱ ዕድሜው አጭር ነው። የትንሹ አንጀት ሽፋን ከሦስት እስከ አምስት ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ በአዲስ ሕዋሳት ይተካል። የተመረዙት ሕዋሳት ይረግፋሉ፣ ያልተመረዙት ቦታቸውን ይይዛሉ። ስለዚህ የኮሌራ ሕክምና በመሠረቱ ጊዜ መግዛት ነው፤ አንጀቱ ራሱን እስኪያድስ ድረስ የሕመምተኛው ሰውነት እንዳይደርቅ መጠበቅ።

መርዙን የሚሠሩት ጂኖች ከመነሻው የባክቴሪያው ንብረት አለመሆናቸውም ሌላው አስደናቂ ግኝት ነው። ማቲው ዋልዶርና ጆን ሜካላኖስ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት፣ ጂኖቹን የተሸከመው ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ መርዝ የሌለውን የኮሌራ ባክቴሪያ ሲያጠቃ የመርዙን መመሪያ ያወርሰዋል።

የኢ. ኮላይ ሁለት መርዞች

ኢ. ኮላይ በሰው አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖር ባክቴሪያ ነው። አንዳንድ ዝርያዎቹ ግን መርዝ የመሥራት ችሎታ አግኝተዋል። ከእነዚህ መካከል መርዝ አመንጪው ኢ. ኮላይ በመባል የሚታወቀው በታዳጊ አገሮች ለሕፃናት ተቅማጥ፣ ለመንገደኞችም ተቅማጥ ተጠቃሽ መንስኤ ነው። በአፍሪካና በእስያ በሰባት አካባቢዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሰፊ ጥናት፣ ይህ ባክቴሪያ ከሮታ ቫይረስ፣ ከክሪፕቶስፖሪዲየምና ከሺጌላ ጋር ከመካከለኛ እስከ ጽኑ የሕፃናት ተቅማጥ ከሚያመጡት ግንባር ቀደም መንስኤዎች ጋር ተመድቧል።

ባክቴሪያው ሁለት ዓይነት መርዝ ሊሠራ ይችላል። የመጀመሪያው ሙቀት የሚያጠፋው መርዝ ሲሆን በቅርጹም ሆነ በሥራው የኮሌራ መርዝ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለተኛው ሙቀት የማያጠፋው መርዝ ነው። ይህኛው 18 ወይም 19 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት እጅግ ትንሽ ሰንሰለት ሲሆን ጥብቅ ማሰሪያዎች ስላሉት ማፍላት አይበግረውም። ወደ ሕዋሱ መግባትም አያስፈልገውም። በሕዋሱ ገጽ ላይ አንጀት የራሱን የፈሳሽ ሚዛን ለማስተካከል በሚያመነጨው ሆርሞን የሚታዘዝ ተቀባይ አለ፤ መርዙ ያንን ሆርሞን መስሎ ይቀርባል። ተቀባዩም ተታልሎ ሳይክሊክ ጂ.ኤም.ፒ. የተባለ ሌላ መልእክት ያስመርታል። መንገዱ ቢለያይም መድረሻው አንድ ነው፤ የክሎራይዱ በር ይከፈታል።

የዚህ መርዝ አሠራር ከታወቀ በኋላ ዕውቀቱ ለተቃራኒ ዓላማም ውሏል። ሊናክሎታይድ የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የተፈቀደው የሆድ ድርቀት መድኃኒት ይህንኑ ተቀባይ የሚያነቃቃ አነስተኛ ሰንሰለት ነው።

ሕዋስን የሚገድሉ መርዞች

እስካሁን የተገለጹት መርዞች ሕዋሱን በሕይወት ትተው ሥራውን ያዛባሉ። ሌሎች ግን ሕዋሱን ያጠፉታል። የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሺጋ መርዝ ነው። ጃፓናዊው ኪዮሺ ሺጋ እ.ኤ.አ. በ1897 በአገሩ በተነሣ የደም ተቅማጥ ወረርሽኝ ወቅት ሺጌላ የተባለውን ባክቴሪያ ለየ፤ ባክቴሪያውም መርዙም በስሙ ይጠራሉ።

የሺጋ መርዝ እንደ ኮሌራው ሁሉ ከአንድ «ኤ» እና ከአምስት «ቢ» የተገነባ ነው። ወደ ሕዋሱ የሚገባበት መንገድም ይመሳሰላል። የሚለየው ውስጥ ከገባ በኋላ በሚሠራው ነው። ፕሮቲን የሚመረትበትን የሕዋሱን ፋብሪካ፣ ራይቦሶምን፣ ይፈልግና ከአካሉ አንዲት አዴኒን የተባለች ሞለኪውል ነቅሎ ይጥላል። በዚህች ጉድለት ብቻ ፋብሪካው ይቆማል፤ ፕሮቲን መሥራት ያቃተው ሕዋስም ይሞታል። መርዙ ወደ ደም ሲገባ በተለይ የኩላሊትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያጠቃል። ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባበራሉ፣ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት ይመናመናሉ፣ ኩላሊትም ሥራውን ሊያቆም ይችላል።

ይህን መርዝ ሺጌላ ብቻ አይደለም የሚሠራው። በቫይረስ አማካይነት የመርዙን ጂን የወረሱ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኦ157 እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ በደንብ ካልበሰለ የተፈጨ ሥጋ ጋር በተያያዘ ወረርሽኝ ለመጀመሪያ ጊዜ በሽታ አምጪነቱ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2011 በጀርመን የተነሣው ወረርሽኝ ደግሞ ከአብሽ በቆልት ጋር የተያያዘ ነበር፤ ከ800 በላይ ሰዎችን ለኩላሊት ጉዳት ዳርጎ ከ50 በላይ ሕይወት አጥፍቷል።

ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያም በዚህ ወገን ይመደባል። ሁለቱ መርዞቹ የሕዋሱን ውስጣዊ ምሰሶዎች የሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖችን ያሰናክላሉ። ሕዋሱ ቅርጹን ያጣል፣ ከጎረቤቱ ጋር ያለው መያያዣ ይላላል፣ የትልቁ አንጀት ግድግዳም ይቆስላል። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰተው ለሌላ ሕመም የተወሰደ አንቲባዮቲክ በአንጀት ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ከገደለ በኋላ ነው።

ከምግብ ጋር የሚበላ መርዝ

አንዳንድ ጊዜ ባክቴሪያው ወደ አንጀት መድረስም አያስፈልገውም፤ መርዙ በምግቡ ውስጥ ቀድሞ ተሠርቶ ይጠብቃል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ በምግብ አዘጋጁ ቆዳ ወይም አፍንጫ ላይ ይኖርና ወደ ምግብ ሲተላለፍ፣ ምግቡም ሳይቀዘቅዝ ሲያድር መርዙን ያመነጫል። ትውከቱ ከተበላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ባሲለስ ሴሪየስም በበሰለና ባደረ ሩዝ ውስጥ አስመላሽ መርዝ ይሠራል። የሁለቱም መርዝ ሙቀትን ስለሚቋቋም ምግቡን ደግሞ ማሞቅ ባክቴሪያውን ይገድል እንደሆነ እንጂ መርዙን አያጠፋውም።

ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ከእነዚህ ይለያል። ዘሮቹ የምግብ ማብሰያን ሙቀት ይቋቋማሉ። ለድግስ በትልቅ ድስት የተሠራ የሥጋ ወጥ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ይበቅላሉ፣ ይበዛሉ። መርዙ ግን የሚሠራው ባክቴሪያው ከተበላ በኋላ በአንጀት ውስጥ ሲሆን፣ በሕዋሳቱ ገጽ ላይ ቀዳዳ ይከፍታል። በዚህ ጊዜ ምግቡን ከመብላት በፊት በደንብ ማፍላት ይጠቅማል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ወጡን በትናንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ቶሎ ማቀዝቀዝ ነው።

መርዙ ያልነካው በር

የኮሌራ መርዝ ከአንጀቱ የጨው መግቢያዎች አንዱን እንደሚገታ ተገልጿል። ሌላ መግቢያ ግን አለ። አሜሪካዊው ሮበርት ክሬን እ.ኤ.አ. በ1960 በፕራግ በተደረገ ጉባኤ ላይ፣ አንጀት ግሉኮስን የሚያስገባው ከሶዲየም ጋር አጣምሮ መሆኑን የሚገልጽ ሐሳብ አቀረበ። በዚህ በር ግሉኮስ ያለ ሶዲየም፣ ሶዲየምም ያለ ግሉኮስ አያልፍም፤ ሁለቱ ሲገኙ ግን አብረው ይገባሉ፣ ውኃውንም ያስከትላሉ። የኮሌራ መርዝ የሚያስመርተው ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. ይህን በር አይዘጋውም።

ጨው ብቻውን ተበጥብጦ ሲሰጥ የማይረዳው፣ ስኳር ሲጨመርበት የሚያድነው በዚህ ምክንያት ነው። ስኳሩ ለጣዕም ወይም ለጉልበት የተጨመረ አይደለም፤ የበሩ ቁልፍ ነው። ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ እ.ኤ.አ. በ1968 በዳካ ባደረጉት ጥናት፣ በአፍ የሚሰጥ የግሉኮስና የጨው ፈሳሽ የኮሌራ ሕመምተኞችን የደም ሥር ፈሳሽ ፍላጎት በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳዩ።

ከባዱ ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደ ሕንድ ሲጎርፉ፣ በድንበር ከተማዋ ቦንጋዎን ኮሌራ ገባ። የሆስፒታሉ ወለል በሕመምተኞች ተሞላ፤ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ተሟጠጠ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨው፣ የመጋገሪያ ሶዳና ግሉኮስ ተመዝነው በከረጢት እንዲታሸጉ፣ በበርሜል ውኃ እንዲበጠበጡና ፈሳሹን የሕመምተኞቹ ቤተሰቦች እንዲያጠጡ አደረገ። ቀደም ሲል 30 በመቶ ይደርስ የነበረው የሞት መጠን በዚህ ሕክምና ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ሠልጥኖ መርፌ የሚወጋ ባለሙያ ባልነበረበት ቦታ እናትና እኅት ማንኪያ ይዘው ሐኪም ሆኑ።

ዛሬ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በመባል የሚታወቀው ቅመም በዚሁ መርሕ ላይ የተመሠረተ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክረው ቅንብር በአንድ ሊትር ውኃ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት ይዟል። በዚህ መጠን የሶዲየምና የግሉኮስ ክምችት እኩል፣ በሊትር 75 ሚሊሞል፣ ይሆናል። መጠኑን መጠበቅ ግዴታ ነው። ስኳሩ ከበዛ፣ ለምሳሌ በለስላሳ መጠጦች እንደሚታየው፣ ፈሳሹ ውኃን ከሰውነት ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል። ጨው ከበዛ ደግሞ በሕፃን ላይ አደጋ ያስከትላል።

ዕውቀቱ በሕክምና ውሳኔ ላይ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው አሠራር ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ቤት ሲወርድ ጥቂት ግልጽ ውሳኔዎችን ይሰጣል።

የመጀመሪያው ስለ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ የሚጠበቀውን ማረም ነው። ንጥረ ነገሩ መርዙን አያረክስም፣ የክሎራይዱንም በር አይዘጋም። ስለዚህ ተቅማጡ ወዲያው ላይቆም ይችላል። ይህን ያልተረዳ ወላጅ «አልሠራም» ብሎ ሊተወው፣ ወይም ተቅማጡ እንዳይጨምር በሚል ፈሳሽ ሊከለክል ይችላል። የመድኃኒቱ ውጤት የሚለካው በተቅማጡ መቆም ሳይሆን በልጁ መንቃት፣ እንባና ሽንት በመመለሱ ነው። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር መስጠት ይመከራል። ልጁ ካስመለሰ አሥር ደቂቃ ያህል ታግሦ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ጡት ማጥባትም አይቋረጥም። ለሕፃናት ከዚህ ጋር የሚሰጠው ዚንክ የበሽታውን ዕድሜ ያሳጥራል።

ሁለተኛው የፈሳሹን ወሰን ማወቅ ነው። ሕመምተኛው ከደከመና መጠጣት ካቃተው፣ ቆንጥጠው የለቀቁት የሆድ ቆዳ በጣም ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሳይዘገይ ያስፈልጋል። በሩ ክፍት ቢሆንም የሚወጣው ከሚገባው ሲበልጥ ማንኪያ አይደርስም።

ሦስተኛው ተቅማጡን ማየት ነው። እንደ ሩዝ እጣቢ የነጣ ብዙ ውኃ የአንጀቱ ግድግዳ ሳይፈርስ ሥራው እንደተዛባ ያመለክታል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ደግሞ ግድግዳው እንደቆሰለ ይናገራል። በመጀመሪያው ፈሳሽ ዋናው ሕክምና ነው፤ በጽኑ ኮሌራ አንቲባዮቲክ የሕመሙን ጊዜና የሚጠፋውን ፈሳሽ ቢቀንስም ፈሳሹን አይተካም። በሁለተኛው ግን መንስኤውን መለየት ያስፈልጋል። ሺጌላ ከሆነ ተስማሚ አንቲባዮቲክ ይረዳል። የሺጋ መርዝ የሚሠራው ኢ. ኮላይ ከሆነ ግን አንዳንድ አንቲባዮቲኮች የባክቴሪያውን ዘረመል ሲጎዱ፣ በውስጡ ተኝቶ የነበረውን ቫይረስ ቀስቅሰው የመርዙን ምርት ሊያበዙ ስለሚችሉ አይመከሩም። የዲፊሲል ተቅማጥ ሲሆን ደግሞ ሕመሙን ያስነሣው አንቲባዮቲክ ከተቻለ መቆም አለበት። እንግዲህ ለማንኛውም ተቅማጥ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ከንቱ ወጪ ብቻ ሳይሆን አደጋም ሊሆን ይችላል። የአንጀትን እንቅስቃሴ የሚገቱ መድኃኒቶችም በደም ተቅማጥ ጊዜ መርዙን በአንጀት ውስጥ ስለሚያቆዩት አይሰጡም።

አራተኛው መከላከል ነው። መርዙን የሚይዘው «ቢ» ክፍል ብቻውን ጉዳት ስለማያደርስ ከተገደሉ ባክቴሪያዎች ጋር ተዋህዶ በአፍ የሚሰጥ አንድ የኮሌራ ክትባት ተሠርቶበታል። ሰውነት ይህን ክፍል አስቀድሞ ካወቀው፣ መርዙ ሕዋሱን ከመያዙ በፊት ሊያግደው ይችላል። ሆኖም ክትባት የንጹሕ ውኃን፣ የመጸዳጃ ቤትንና እጅን በሳሙና የመታጠብን ቦታ አይተካም፤ ወደ አፍ ያልደረሰ ባክቴሪያ መርዙን በአንጀት ውስጥ አያመነጭም።

ማጠቃለያ

የባክቴሪያ መርዞች ጥናት ከኮክ ግምት እስከ ዴ ማረጋገጫ፣ ከዚያም እስከ ቦንጋዎን በርሜሎች የተጓዘው ጉዞ አንድ ነጥብ ያስጨብጣል። በሽታን መዋጋት ሁልጊዜ ጠላትን በመግደል ብቻ አይፈጸምም። የኮሌራ መርዝ የሕዋሱን መልእክት ጠልፎ መውጫውን ይከፍታል፤ ነገር ግን ግድግዳውን አያፈርስም፣ የስኳርና የጨው በሩንም አይዘጋም። ሕክምናው የተገኘው መርዙ ያበላሸውን በመጠገን ሳይሆን ያላበላሸውን በመጠቀም ነው። ግድግዳውን የሚያፈርሱት መርዞች ደግሞ ይህ መርሕ ወሰን እንዳለው ያስተምራሉ። ስለሆነም ተቅማጥን «ተቅማጥ ነው» ብሎ በአንድ ስም ከመጥራት አልፎ፣ ውኃ ብቻ ነው ወይስ ደም አለበት፣ ከምን በኋላ ጀመረ፣ ሕመምተኛው መጠጣት ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ የሞለኪውል ዕውቀት በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚሰጠው የመጀመሪያ አገልግሎት ነው።